ካልቀሰቀሱት የማይነሣ ሰርቨር

ሰኞ ጠዋት ነው እንበል። እሑድ ሌሊት መብራት ሄዶ ንጋት ላይ ተመልሷል። በአንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ስካነሩ እንደ ወትሮው ወረቀቱን ስቦ ያነብባል፤ ያነበበውን የሚያስረክብበት ግን አጥቶ «መገናኘት አልተቻለም» የሚል ጽሑፍ በትንሿ መስኮቱ ላይ ያወጣል። ፋይሎቹን የሚቀበለው ሰርቨር አልጠፋም። አረንጓዴ መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ከሌላ ኮምፒውተር ሲጠሩትም «አለሁ» ይላል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በውስጡ ፋይል የሚቀበለው የኤፍቲፒ ፕሮግራም አልተነሣም። የአይቲ ባለሙያው ተጠርቶ ይመጣል፣ ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ መስመር ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ ወዲያው ይነሣል፣ ስካነሩም ሥራውን ይቀጥላል። «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ለጠየቀ መልሱ «ሪስታርት ፈልጎ ነው» የሚል ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መብራት እንደገና ይሄዳል፤ እንደገና ይመጣል፤ ባለሙያውም እንደገና ይጠራል።

ይህ ትዕይንት የአንድ የተለየ መሥሪያ ቤት ታሪክ አይደለም። የሊኑክስ ሰርቨር ባለበት ሁሉ ግን «እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፦ መሥራትና መነሣት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ እኛ ግን የምንፈትነው አንዱን ብቻ ነው። ሰርቨር ስንተክል ፋይል ልከን እንሞክራለን፤ ፋይሉ ሲደርስ «ይሠራል» ብለን እንረከባለን። ማንም ሳይነካው ከጨለማ ተነሥቶ፣ የሚያስፈልጉት ነገሮች በየተራቸው እስኪደርሱ ታግሦ፣ በራሱ ሥራ ሊጀምር መቻሉን ግን አንመረምርም። ቀስቃሽ የሚፈልግ ሰርቨር ግማሽ ሥራው በባለሙያው ትዝታ ውስጥ ነው ያለው፤ ባለሙያው እረፍት የወጣ ቀን ያ ግማሽ አብሮት ይወጣል።

ያረጀ ሥራ፣ አዲስ ጥድፊያ

ኤፍቲፒ፣ ማለትም ፋይልን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የማስተላለፊያ ሥርዓት፣ ዛሬ የምናውቀውን ኢንተርኔት ይቀድመዋል። የመጀመሪያውን መግለጫ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1971 የጻፈው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው ህንዳዊው አብሀይ ቡሻን ነው። እስከ ዛሬ መሠረት ሆኖ የሚያገለግለውን ቅርጽ ደግሞ ጆን ፖስቴልና ጆይስ ሬይኖልድስ በኦክቶበር 1985 አወጡት። ሥርዓቱ ትእዛዝ የሚቀበልበት በር ቁጥሩ 21 ነው፤ ፋይሉ ራሱ የሚያልፈው በሌላ በር ነው። ዓለም ከኤፍቲፒ እየራቀ መሆኑ የታወቀ ነው። ዴቢያን ለሕዝብ ክፍት የነበሩ የኤፍቲፒ ሰርቨሮቹን በኖቬምበር 1 ቀን 2017 ዘጋ፤ ክሮምና ፋየርፎክስም በ2021 ከብራውዘሮቻቸው አስወጡት። በቢሮ ስካነሮች፣ በጥበቃ ካሜራዎችና ዕድሜ ባስቆጠሩ የሒሳብ ፕሮግራሞች ውስጥ ግን ኤፍቲፒ ዛሬም የዕለት እንጀራ ነው። ዕቃው እስኪለወጥ ድረስ ሰርቨሩም በየጠዋቱ መነሣት አለበት።

የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ኮምፒውተር የሚነሣበት መንገድ። ለብዙ ዓመታት ሊኑክስ ሲነሣ ፕሮግራሞቹ በስማቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎላቸው በሰልፍ ይነሡ ነበር። ባለ አሥር ቁጥሩ ካልጨረሰ ባለ አሥራ አንዱ አይጀምርም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 ሌናርት ፖተሪንግ፣ ከኬይ ሲቨርስ ጋር የጀመረውን ሲስተምዲን ሲያስተዋውቅ ዋናው ሐሳብ ይህን ሰልፍ መበተን ነበር፤ እርስ በርስ የማይጠባበቁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሡ። ፌዶራ በ2011፣ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ በ2014፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ በ2015 ተራ በተራ ወደዚህ አሠራር ገቡ። ትርፉ ፍጥነት ነበር። ዋጋው ደግሞ ቀድሞ በሰልፉ ዝግታ ተሸፍኖ የኖረ ጥያቄ ገሃድ መውጣቱ ነው፦ ማን ማንን ይጠብቃል?

እንጀራ የሚጋግር ሰው ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል። ምጣድ መጣዱ አንድ ነገር ነው፤ ምጣድ መጋሉ ሌላ። ሲስተምዲም እነዚህን ሁለቱን ለይቶ በሁለት ስም ይጠራቸዋል። «ኔትወርክ ታርጌት» የሚባለው ምልክት የኔትወርክ ፕሮግራሙ መጀመሩን ብቻ ይናገራል፤ ምጣዱ ተጥዷል ማለት ነው። አድራሻ ተገኝቶ መገናኘት መቻሉን የሚናገረው «ኔትወርክ ኦንላይን ታርጌት» የሚባለው ሌላኛው ምልክት ነው፤ ምጣዱ ግሏል ማለት ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የኤፍቲፒ ሰርቨር ቪኤስኤፍቲፒዲ ይባላል። አብሮት የሚመጣው የሰርቪስ ፋይል «ከኔትወርክ ታርጌት በኋላ ተነሣ» ይላል። በቃል ሲነበብ ተገቢ ይመስላል፤ በተግባር ግን ሊጡን በጋለም ባልጋለም ምጣድ ላይ አፍስስ እንደ ማለት ነው።

በነባሪው ቅንብር ይህ ችግር አይፈጥርም፤ ሰርቨሩ የትኛውንም አድራሻ ለይቶ ስለማይጠይቅ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ይነሣል። ችግሩ የሚጀምረው አንድ ጥንቁቅ ሰው «ሊስን አድሬስ» በሚለው መስመር ላይ የማሽኑን አይፒ ለይቶ ሲጽፍ ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ሲነሣ የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን፣ «ይህን አድራሻ ስጠኝ፣ በር 21ን ልያዝበት» ብሎ ይጠይቃል። አድራሻው ገና ካልደረሰ ከርነሉ «እንዲህ ያለ አድራሻ እዚህ የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ፕሮግራሙም ጥቂት እንኳ ሳይታገሥ በ«500 ኡፕስ» የሚጀምር አንድ መስመር ጽፎ ይወጣል። መልእክቱ የአይፒቪ4 ሶኬቱን ማሰር አለመቻሉን ብቻ እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። በሩን ሌላ ፕሮግራም ይዞበትም ቢሆን፣ አድራሻው ገና ሳይመጣም ቢሆን፣ ቃሉ ያው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አንድ ዓይነት ትኩሳት አላቸው።

ምስክሮቹን መጠየቅ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ወደ ሥሩ ለመድረስ በእጃችን ያለው ምርጥ ማስረጃ ሁላችንም የምናውቀው፣ ግን እንደ ማስረጃ የማንቆጥረው ነገር ነው፦ በእጅ ሲያስነሡት ይነሣል። ይህ አንድ ሐቅ ብዙ ተጠርጣሪዎችን በአንድ ጊዜ ነጻ ያወጣል። በር 21ን ሌላ ፕሮግራም ይዞት ቢሆን ኖሮ በእጅም አይነሣም ነበር። በቅንብሩ ውስጥ «ሊስን» እና «ሊስን አይፒቪ6» ሁለቱም «የስ» ተብለው ቢሆን ኖሮ ሰርቨሩ ሁለቱን ባንድነት ስለማይቀበል በእጅም እንቢ ይል ነበር። የተሳሳተ ፊደል፣ የጠፋ የሰርተፊኬት ፋይል፣ የሌለ ተጠቃሚ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዓት አይመርጡም፤ ሲነጋም ሲመሽም ይጥላሉ። በእጅ ተነሥቶ በራሱ የማይነሣ ነገር ችግሩ ከሰዓቱ ወይም ከትእዛዙ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ በእጅ ስንል በሲስተምዲ በኩል ማለታችን ነው። ፕሮግራሙን በቀጥታ ከተርሚናል ማስነሣት ሌላ መብትና ሌላ አካባቢ ስለሚሰጠው ምስክርነቱ አይታመንም።

ሰዓት ነው ወይስ ትእዛዝ? ይህን የሚለየው አንድ ቃል ነው። ማሽኑ እንደገና ከተነሣ በኋላ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ የሰርቪሱን ሁኔታ መጠየቅ ይገባል። መልሱ «ኢናክቲቭ» ከሆነና ከተነሣ ወዲህ አንድም መስመር ካልተጻፈ ሰርቪሱ አልወደቀም፤ ከናካቴው አልተጠራም። «ስታርት» ማለት አሁን ተነሣ ማለት ሲሆን «ኢኔብል» ማለት ደግሞ ወደፊት ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ተነሣ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ብሎ ሁለተኛውን የረሳ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ መፍትሔውም አንድ መስመር ነው። መልሱ «ፌይልድ» ከሆነ ግን ተጠርቷል፣ ሞክሯል፣ ወድቋል። ባለሙያው ግን ሁለቱን ከመለየቱ በፊት ሰርቪሱን በእጅ ያስነሣዋል፤ በዚያች ቅጽበት «ፌይልድ» የሚለው ቃል «አክቲቭ» በሚለው ይተካል። ምስክሩን ሳይጠይቁ አሰናበቱት ማለት ነው።

ደግነቱ ሌላ ምስክር አለ፤ የማሽኑ መዝገብ። «ጆርናልሲቲኤል» ያለፈውን የአነሣስ ታሪክ ከነሰከንዱ ያሳያል፤ ጥበቡ የሰርቨሩን መስመር ብቻ አለማንበብ ነው። ለምሳሌ ሰርቨሩ በዘጠነኛው ሰከንድ ወድቆ የኔትወርክ ካርዱ አድራሻ ያገኘው በአሥራ አራተኛው ሰከንድ ከሆነ፣ በመካከላቸው ያሉት አምስት ሰከንዶች ሙሉውን ታሪክ ይናገራሉ። አንድም ሰው «ይመስለኛል» ማለት አያስፈልገውም። መዝገቡ ግን በራሱ አይቆይ ይሆናል። በብዙ ማሽኖች ነባሪ ቅንብር «ቫር ሎግ» በሚባለው ማውጫ ሥር «ጆርናል» የሚባል ማውጫ ከሌለ መዝገቡ በሜሞሪ ላይ ብቻ ስለሚጻፍ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት በተመላለሰ ቁጥር የሚታመም ማሽን፣ መብራት በሄደ ቁጥር የሕመሙን ታሪክ የሚረሳ ከሆነ፣ ሐኪሙ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከየት ይጀምራል? ስለዚህ ከምርመራው ሁሉ በፊት መዝገቡን ዲስክ ላይ ማኖር ይቀድማል።

እዚህ ላይ መብራት ለምን ልዩ ቦታ እንዳለው መረዳት ይገባል። ጥንቁቅ ባለሙያ ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጎ ይሞክራል፤ ሰርቨሩም አምሮበት ይነሣል። «እነሆ፣ ይነሣል እኮ!» ይባላል። ሙከራው ግን ከእውነተኛው ቀን ጋር አይመሳሰልም። ሰርቨሩ ብቻ ሪስታርት ሲደረግ ራውተሩ ነቅቶ ይጠብቀዋል፤ አድራሻ ሲጠይቀው ወዲያው ይሰጠዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ሰርቨሩም፣ ስዊቹም፣ ራውተሩም እኩል ከእንቅልፍ ይነሣሉ። ፈጣን ዲስክ ያለው ሰርቨር ተነሥቶ አድራሻ ሲፈልግ ራውተሩ ገና ዓይኑን እያሸ ሊሆን ይችላል። አድራሻው በእጅ የተጻፈ ቢሆንም ሁልጊዜ አያድንም፤ የተለመዱት የኔትወርክ ፕሮግራሞች ኬብሉ ሕይወት እስኪያገኝ ድረስ በነባሪ ሁኔታቸው አድራሻውን ካርዱ ላይ አያስቀምጡትም። እንደ እኛ አገር መብራት መጥፋቱ ዜና በማይሆንበት ቦታ፣ ይህ ሁሉ ዕቃ እኩል የሚነሣበት ጠዋት ልዩ አጋጣሚ ሳይሆን የተለመደ ቀን ነው። የሚያስገርመው ደግሞ አሮጌውን ዲስክ በአዲስና ፈጣን ዲስክ መተካት ሕመሙን ሊያመጣው መቻሉ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

መከራከሪያዎቹ

የመጀመሪያው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ከኋላውም ትልቅ ስም አለው። ጂም ግሬይ በታንደም ኮምፒውተርስ ሳለ በ1985 ኮምፒውተሮች ለምን እንደሚቆሙ በጻፈው ጥናት የሶፍትዌር ጥፋቶችን በሁለት ከፍሎ ነበር። አንዳንዶቹ በተሞከሩ ቁጥር ይገለጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሊመረምሯቸው ዞር ሲሉ ይጠፋሉ። እነዚህን የሚጠፉትን በፊዚክሱ በሃይዘንበርግ ስም ሰይሟቸዋል። በሥራ ላይ ባለ ሲስተም የሚቀሩት ጥፋቶች ባብዛኛው የኋለኞቹ ስለሆኑ፣ እንደገና መሞከር ፍቱን መድኃኒት ነው አለ። ታዲያ «ሪስታርት ፈልጎ ነው» የሚለው ባለሙያ ከግሬይ በምን ይለያል? በሁለት ነገር ይለያል። ግሬይ ያሰበው ማሽኑ ራሱ የሚያደርገውን ሙከራ ነው እንጂ መንገድ አቋርጦ የሚመጣ ሰው አይደለም። ሁለተኛ፣ የእኛው ጥፋት የሚጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም። ሁኔታው በታወቀ መንገድ ይመለሳል፤ ዕቃዎቹ እኩል በተነሡ ቁጥር ያው ሩጫ ይደገማል። መመለሻው የታወቀን ነገር ዕድል ብሎ መጥራት አይቻልም።

«እሺ፣ ማሽኑ ራሱ ይሞክራ» ይላል ሁለተኛው ተከራካሪ። ሲስተምዲ ይህን ያውቅበታል፤ ሰርቪስ ሲወድቅ እንደገና አስነሣ የሚል መስመር አለው። መስመሩን ጽፈው ሰርቨሩ አሁንም ሳይነሣ ሲያገኙት ብዙዎች ይደነግጣሉ። ምክንያቱ በነባሪ ቁጥሮቹ ውስጥ ነው። ሲስተምዲ ወድቆ የቀረውን ሰርቪስ ደግሞ ለማስነሣት የሚታገሠው 100 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተነሣ ደግሞ «ይህስ አይድንም» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ አምስቱም ዕድሎች አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ያልቃሉ፤ ራውተሩ ግን ገና ብዙ ሰከንዶች ይቀሩታል። የመጠበቂያውን ጊዜ 5 ሰከንድ ማድረግ ብቻ ታሪኩን ይለውጠዋል፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ አምስት ሙከራ ስለማይሞላ ሰርቪሱ አድራሻው እስኪመጣ ድረስ ሳይሰለች ይሞክራል። ከዚህ የምንረዳው መድኃኒቱ ውድቅ መሆኑን አይደለም፤ መጠኑን ሳያውቁ መስጠት እንደማያድን ነው።

ሦስተኛው ድምፅ ከሁሉም የተለመደው ነው፦ «ከመነሣቱ በፊት 30 ሰከንድ ይተኛ።» ይህም ይሠራል፤ ለዚህ ነው የሚወደደው። ነገር ግን ምጣዱን ሳይዳስሱ እስከ ሠላሳ ቆጥሮ ሊጥ ማፍሰስ ነው። እንጨቱ ደረቅ የሆነ ዕለት ጊዜ ይባክናል፤ እንጨቱ እርጥብ የሆነ ዕለት እንጀራው ይበላሻል። ራውተሩ በአዲስ ቢተካ፣ ስዊች ቢጨመር፣ ያ ቁጥር ትርጉሙን ያጣል፤ ለምን 30 እንደሆነ የሚያውቀውም የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ቁጥሩ የሚጠብቀውን ነገር ስም አይጠራም። ለዚህም ነው ከስድስት ወር በኋላ የሚያየው ባልደረባ ሊያጠፋውም ሊያቆየውም የሚፈራው።

አራተኛው ተቃውሞ ናፍቆት አለበት፤ «ድሮ በሰልፍ ሲነሡ ይህ ሁሉ አልነበረም፤ ጥፋቱ የሲስተምዲ ነው» ይላል። ግማሽ እውነት አለው። የድሮው የአነሣስ ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች ይነበብ ነበር፤ ማን ከማን በኋላ እንደሚነሣ ለማወቅ ቁጥሩን ማየት በቂ ነበር፤ ይህ ግልጽነት ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ሰልፍ ሰርቨሩ ኔትወርክ እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር ማለት አይቻልም። አድራሻው ቀድሞ የሚደርሰው ባብዛኛው በፊቱ የተሰለፉት ሁሉ ጊዜ ስለሚወስዱ ነበር፤ ዝግታው ማንም ያልፈረመው ዋስ ሆኖ ያገለግል ነበር። አዲሱ አሠራር ያንን ዋስ ሲያነሣ ዕዳውን አልፈጠረም፤ የነበረውን ዕዳ አሳየ። ዋስ የሆነውን ዝግታ ከመናፈቅ ይልቅ ዕዳውን በጽሑፍ ማስፈር ይሻላል።

አምስተኛው፣ «ኤፍቲፒን ጣሉትና ኤስኤፍቲፒ ተጠቀሙ» የሚለው ነው። በደኅንነት በኩል ፍጹም ትክክል ነው፤ ተራው ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳይሸፍን በኔትወርኩ ላይ ያሳልፋል፤ ዕቃው የሚፈቅድ ከሆነ ዛሬውኑ መለወጥ ይገባል። የመነሣት ችግር ግን በፕሮግራሙ ስም አይለወጥም። ኤስኤፍቲፒን የሚያስተናግደው የኤስኤስኤች ሰርቨርም «ሊስን አድሬስ» ተብሎ አንድ አድራሻ ብቻ ከተሰጠውና አድራሻው ካልደረሰ ይወድቃል። ይባስ ብሎ ዴቢያን ውስጥ የሰርቪሱ ፋይል ፕሮግራሙ በ255 ቁጥር ከወጣ እንደገና እንዳይነሣ ያዝዛል፤ ፕሮግራሙ በእንዲህ ያለ ውድቀት ሲወጣ የሚሰጠውም ይህንኑ ቁጥር ነው። ማሽኑን ከሩቅ ለመጠገን የምንገባበት በር ራሱ ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው። በሽታው የጥገኝነት ነው፤ ጥገኛው ማንም ይሁን ማን።

ጥገኝነትን መጻፍ፣ ወይም መተው

እንግዲህ የሚቀሩን ሁለት ሐቀኛ መንገዶች ናቸው። አንደኛው ጥገኝነቱን በስሙ መጻፍ ነው፦ ይህ ሰርቪስ የጋለውን ምጣድ ይፈልጋል። በሲስተምዲ ቋንቋ ይህ ሁለት መስመር ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። «አፍተር» የሚለው ቅደም ተከተልን ብቻ ይናገራል፤ እሱ ካለ ከእሱ በኋላ፣ ከሌለ ግን እንደ ፈለግህ። «ዋንትስ» የሚለው ደግሞ ያ ነገር እንዲጠራ ያደርጋል። የመጀመሪያውን ብቻ የጻፈ ሰው ያልተጋበዘ እንግዳን በር ላይ እንደሚጠብቅ ሰው ነው። መስመሮቹን ከፕሮግራሙ ጋር በመጣው ፋይል ላይ መጻፍም አይገባም፤ ፕሮግራሙ ሲታደስ ይደመሰሳሉ። «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» የሚለው ትእዛዝ ለዚህ የተለየ ተጨማሪ ፋይል ያዘጋጃል፤ እዚያው ላይም ለምን እንደተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር መተው ለተተኪው ውለታ ነው።

ይህ መንገድም ፍጹም አለመሆኑን መደበቅ አይገባም። የኔትወርክ መጠበቂያው እስከ ዘላለም አይጠብቅም፤ የሲስተምዲ የራሱ የኔትወርክ ፕሮግራም የሚጠብቀው በነባሪ 120 ሰከንድ ነው። የሚጠብቀውም የሚያስተዳድራቸውን ካርዶች ሁሉ ስለሆነ፣ ማንም የማይጠቀምበት ሁለተኛ ካርድ ኬብል ስላልተሰካበት ብቻ አነሣሡን ሊያዘገየው ይችላል። ጊዜው ሲያልቅም «ዋንትስ» ለስላሳ ጥያቄ ስለሆነ ሰርቨሩ ይነሣል፤ አድራሻ ከሌለ ይወድቃል። ስለዚህ ጥገኝነቱን መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ በ5 ሰከንድ ልዩነት የሚደገም ሙከራ ከጎኑ መቆም አለበት። አንዱ የተለመደውን ቀን፣ ሌላው ክፉውን ቀን ይሸፍናል።

ሁለተኛው መንገድ ጥገኝነቱን ጨርሶ መተው ነው፤ በተቻለ ቦታ ሁሉ የሚመረጠውም እሱ ነው። አንድ የኔትወርክ ካርድና አንድ አድራሻ ብቻ ያለው ማሽን ላይ «በዚህ አድራሻ ብቻ አዳምጥ» ማለት ከማን ይከላከላል? ከውጭ የሚመጣ ሁሉ በዚያው አድራሻ ነው የሚመጣው። መስመሩን አጥፍቶ በየትኛውም አድራሻ እንዲያዳምጥ መፍቀድ ደኅንነቱን አይቀንሰውም፤ ሰርቨሩ ግን ከኔትወርኩ ሰዓት ነጻ ይወጣል። ሁለት ካርድ ካለው፣ አንዱም ወደ ኢንተርኔት የሚወጣ ከሆነ፣ ተቃውሞው ትክክለኛ ነው። ያን ጊዜ የማን ጥሪ እንደሚገባ የመወሰኑን ሥራ ለፋየርዎሉ መስጠት ይቻላል፤ ወይም ገና ያልመጣን አድራሻ ለመያዝ የሚፈቅደውን የከርነል ቅንብር ማብራት ይቻላል። በማናቸውም መንገድ ሐሳቡ አንድ ነው፤ መጠበቅን ከማሳመር መጠበቅን ማስቀረት ይበልጣል።

መነሣት ስንል ግን «አክቲቭ» የሚለውን ቃል ብቻ ማለታችን አለመሆኑን የሚያሳይ የከፋ ሁኔታ አለ። ፋይሎቹ የሚቀመጡት በሌላ ዲስክ ላይ ነው እንበል፤ ዲስኩም ዘግይቶ ነው የሚያያዘው። ሰርቨሩ አይወድቅም፤ ባዶውን ማውጫ አግኝቶ በደስታ ይነሣል፤ ማውጫው ላይ የመጻፍ መብት ካለም ስካነሩ የላከውን ሁሉ እዚያ ያስቀምጣል። ዲስኩ በኋላ በዚያው ማውጫ ላይ ሲያርፍ እነዚያ ፋይሎች ከሥሩ ተሸፍነው ከዓይን ይሰወራሉ። አልጠፉም፣ ግን ማንም አያያቸውም። የወደቀ ሰርቨር ቢያንስ ይጮኻል፤ በተሳሳተ ጊዜ የተነሣ ሰርቨር ግን ዝም ብሎ ያበላሻል። ለዚህም ሲስተምዲ «ሪኳየርስ ማውንትስ ፎር» የሚል መስመር አለው፤ የማውጫውን መንገድ ብቻ ስንነግረው ዲስኩ ካልተያያዘ ሰርቪሱን አያስነሣውም። እዚህ ላይ ሰርቨሩ እንዲወድቅ መፈለጋችን ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ ነገር ግን ሳይዘጋጅ ከመነሣት አለመነሣት የተሻለ መሆኑ የክርክሩ አካል ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ፈተናው ነው፤ ፈተናውም እውነተኛውን ጠዋት መምሰል አለበት። ሰርቨሩን ብቻ ሪስታርት ማድረግ አይበቃም። ሁሉንም በሥርዓቱ አጥፍቶ፣ ሰርቨሩንም፣ ስዊቹንም፣ ራውተሩንም በአንድ ጊዜ ከአንድ ማብሪያ ማስነሣትና እጅን አጣጥፎ መቆየት ያስፈልጋል። ለዚህ አንድ ሰዓት ከሥራ ውጭ መሆን ውድ ነው የሚል ካለ፣ ያው ሰዓት በየመብራቱ መጥፋት ተከፋፍሎ፣ በማይመች ጊዜ፣ ከነወለዱ እየተከፈለ መሆኑን ያስብ። ዕቃዎቹ ሲነቁ ማንም ኪቦርድ አይንካ፤ የመጀመሪያው ንክኪ ከስካነሩ ይምጣ። ወረቀቱ ከገባ፣ ፋይሉም በትክክለኛው ዲስክ ላይ ከተገኘ፣ ርክክቡን ያን ጊዜ መፈረም ይቻላል። ካልተገኘም መዝገቡ ዲስክ ላይ አለ፤ የትኛው ሰከንድ ከየትኛው እንደቀደመ ያሳያል።